ትልቅ ሰው የሌለበት ዓለም፦ ልጆች ብቻቸውን የሚኖሩበት የወጣቶች ልቦለድ እንዴት ይጻፋል?

አንድ ቀን ጠዋት ልጆች ከእንቅልፋቸው ሲነሱ ከተማው ውስጥ አንድም ትልቅ ሰው የለም። እናት የለች፣ አባት የለ፣ የግቢው ዘበኛ የለ፣ ታክሲ የሚነዳ የለ። ከዛ ቀን ጀምሮ ልጆቹ ብቻቸውን እንዴት እንደሚኖሩ ነው ታሪኩ። ይሄን ዓይነት ልቦለድ መጻፍ የሚፈልግ ወጣት ብዙ ነው፣ ጀምሮ የሚተወውም እንደዛው፣ እና የሚተውበት ቦታ ሁሌ አንድ ነው ማለት ይቻላል፣ ሶስተኛው ቻፕተር አካባቢ።

ለምን መሰላችሁ? ጸሐፊው ጉልበቱን ሁሉ ትልልቆቹ ለምን ጠፉ የሚለው ላይ ይጨርሰዋል። ቫይረስ ነው፣ ከሰማይ የወረደ ነገር ነው፣ ሚስጥራዊ ላብራቶሪ ነው እያለ ሁለት ቻፕተር ያብራራና ልጆቹ መኖር ሲጀምሩ የሚያሰራቸው ነገር ያጣል፣ ስለዚህ ጭራቅ ያመጣል፣ ወይ ሽጉጥ ያገኘ ክፉ ልጅ ያመጣል፣ ከዛ መሯሯጥ ብቻ ይሆናል። እኔ እዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው። አንባቢን ገጽ የሚያስገልጠው ትልልቆቹ የት ሄዱ የሚለው አይደለም። ትንሿን ልጅ ዛሬ ማታ ማን ያበላታል የሚለው ነው። እዚህ የምጽፈው በሙሉ ከዚች ጥያቄ ነው የሚነሳው፣ እናንተም ስትጽፉ መንገዱ ሲጠፋባችሁ ወደሷ ተመለሱ።

መጀመሪያ የዓለማችሁን ህግ ወስኑ፣ ግን በአንድ ቁጭታ። ትልልቆቹ ጠፉ ወይስ ሞቱ? ይሄ ቀላል ይመስላል ግን መጽሐፉን በሙሉ ይቀይረዋል። ከሞቱ አስከሬን አለ፣ ቀብር አለ፣ ሽታ አለ፣ ልጆቹ መጀመሪያ የሚሰሩት ስራ እናታቸውን መቅበር ነው ማለት ነው፣ እና ይሄንን ለ13 ዓመት አንባቢ ስትጽፉ በጣም መጠንቀቅ አለባችሁ። ከጠፉ ደግሞ ተስፋ አለ፣ ይመጣሉ ብሎ በር ላይ የሚጠብቅ ልጅ አለ፣ የእናቱን ነጠላ ከተሰቀለበት አላስነሳም የሚል ልጅ አለ። ለመጀመሪያ መጽሐፍ መጥፋቱን እመርጣለሁ። ምክንያቱን ላታብራሩት ትችላላችሁ፣ ልጆቹ ራሳቸው አያውቁትማ። ህጉ ግን አንዴ ከተወሰነ እስከ መጨረሻ አይቀየርም።

ቀጥሎ የዕድሜ መስመሩ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ለኛ አገር ጸሐፊ እዚህ ጋ ትልቅ ሀብት አለ። በዚህ ዘርፍ የተለመደው ከ15 ወይ ከ16 ዓመት በላይ ያለ ሁሉ ይጠፋል፣ ከዛ በኋላም አንድ ልጅ ልደቱ በደረሰ ቀን እሱም ይጠፋል የሚለው ነው። ፈረንጆቹ ጋ ይሄ ቀጥታ ይሰራል፣ ልደቱን የማያውቅ ልጅ የለማ። እኛ ጋስ? የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ በወጉ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዛ በፊት የተወለደ ልጅ፣ በተለይ ገጠር ከሆነ፣ እናቱ «በጥምቀት ሰሞን ነው፣ ያኔ ትልቁ ዝናብ የዘነበ ዓመት» ብላ ነው የምትነግረው። አሁን እናትየው የለችም። ልጁ 14 ይሁን 15 የሚያውቅለት ሰው በምድር ላይ የለም። ይሄን አስቡት እስቲ። ማታ ሲተኛ ነገ መኖር አለመኖሩን አያውቅም።

ስለዚህ ልጆቹ ፍለጋ ይገባሉ። የክትባት ካርድ ይፈልጋሉ፣ ቁምሳጥን ላይ ያለውን ሻንጣ ያወርዳሉ፣ የድሮ ፎቶ ጀርባ ያያሉ። የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ልጅ ከሆነች የክርስትና ቀኗ የተጻፈበት ነገር ልታገኝ ትችላለች። ወንድ በ40 ቀን ሴት በ80 ቀን ነው ክርስትና የሚነሱት፣ ስለዚህ ታኅሣሥ 20 ክርስትና ከተነሳች 80 ቀን ወደኋላ ሲቆጠር መስከረም 30 ገደማ ተወልዳለች ማለት ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጠው በከሰል እየጻፉ ሲቆጥሩ አንዱ ልጅ ቀና ብሎ «ክርስትናው ዘግይቶ ከሆነስ?» ይላል። በቃ፣ ሙሉ ቻፕተር አገኛችሁ፣ ጭራቅም አላስፈለገም፣ እና ይሄን ቻፕተር ከኛ ውጪ ያለ ጸሐፊ እንዲህ አድርጎ አይጽፈውም።

አሁን ወደ ቆጠራ እንግባ። ልቦለዱን ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ልጆቹ ያላቸውን ነገር በሙሉ በቁጥር ጻፉ። ይሄ ወረቀት መጽሐፉ ውስጥ አይገባም፣ ግን ሰዓታችሁ እሱ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ግቢ እንውሰድ፣ 10 ልጆች። ቧንቧው መጀመሪያ ቀጠን ብሎ ይመጣል፣ ከዛ ይቆማል። ሮቶው 2,000 ሊትር ነው፣ ሙሉ ነበር እንበል። የእርዳታ ድርጅቶች ለመጠጥ ለምግብና ለንጽህና ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ብለው ነው የሚያቅዱት፣ በዛ ከሄዱ ለ10 ልጅ በቀን 150 ሊትር፣ 13 ቀን ላይ ያልቃል። ግን ልጆች መጀመሪያ ይሄን አያስቡም፣ በመጀመሪያው ሳምንት እንደልባቸው ይታጠባሉ፣ ውሃ ይራጫሉ፣ የሚቆጣቸው የለማ። ከዛ አንዷ ትባንናለች። ለአንድ ልጅ በቀን 5 ሊትር ብታደርገው 40 ቀን ይሆን ነበር። ያቺ ልጅ ቁልፉን ይዛ ቧንቧው ላይ ስትቆም የመጀመሪያው እውነተኛ ጠብ ይነሳል፣ እና ልብ በሉ፣ እዚህ ጠብ ውስጥ ክፉ ልጅ የለም። ውሃ የከለከለችውም ልክ ናት፣ የጠማውም ልክ ነው። እንደዚህ ዓይነት ጠብ ፈልጉ።

እህሉም እንደዛው። በወር ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል ብትይዙ በቀን ግማሽ ኪሎ ነው፣ 10 ልጅ በቀን 5 ኪሎ፣ አንድ ኩንታል 20 ቀን። እሺ፣ ግን ቤት ውስጥ ያለው ያልተፈጨ ጤፍ ቢሆንስ? መብራት የለም፣ ወፍጮ ቤቱ ዝግ ነው። ጤፍ ቆሎ አይሆን፣ ንፍሮ አይሆን። ሳይፈጭም በውሃ ተቀቅሎ እንደሚበላ የሚነግራቸው ስለሌለ ልጆቹ ኩንታል ጤፍ ላይ ተቀምጠው ይራባሉ፣ ጎረቤት ግቢ ያሉት ደግሞ ስንዴና ሽምብራና ባቄላ ስላላቸው እየቆሉና እየቀቀሉ ይበላሉ። ይሄ ልዩነት የሁለት ግቢ ታሪክ ነው፣ ንግድ ነው፣ ስርቆት ነው፣ ጋብቻ የመሰለ ስምምነት ነው። ከዛ የሆነ ልጅ እህል በረንዳን ያስታውሳል፣ መርካቶ እኮ መጋዘን ሙሉ አለ፣ ግን ሌሎች ልጆችም አስታውሰዋል፣ ደግሞ በእግር ነው፣ ደግሞ ኩንታል ማን ይሸከማል።

እንጀራን ደግሞ አትዝለሉት። ብዙ ጊዜ የማነበው ልጆቹ ብስኩትና የታሸገ ምግብ ብቻ ሲበሉ ነው፣ ያ ከሌላ አገር ፊልም የመጣ ነው። የኛ ልጅ በሁለተኛው ሳምንት የሚናፍቀው እንጀራ ነው። ዱቄት ተገኘ እንበል። እርሾ ያስፈልጋል፣ ሊጡ ሁለት ሶስት ቀን ይቦካል፣ የኤሌክትሪኩ ምጣድ አይሰራም፣ የሸክላ ምጣድ ተፈልጎ በእንጨት ነው፣ ምጣዱ ሲግል መታሰስ አለበት፣ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። እናቷ ስትጋግር አጠገቧ ቁጭ ብላ ስልክ ትነካካ የነበረች የ14 ዓመት ልጅ አሁን የእናቷን እጅ ለማስታወስ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዳር ነው ወይስ ከመሃል ነበር የምትጀምረው? የመጀመሪያው ይለጠፋል፣ ሁለተኛው ዓይን የለውም፣ አምስተኛው ላይ ትንሽ ዓይን ሲያወጣ ግቢው ውስጥ ያሉት በሙሉ ይጮሃሉ። እዚህ ሲን ላይ አትቸኩሉ፣ ሶስት ገጽ ስጡት።

ሌላው ሌላው ቶሎ ያልቃል፣ በአጭሩ ልንገራችሁ። የስልክ ማማዎቹ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚቆዩት ለሰዓታት ነው፣ ስለዚህ ኔትወርክን በመጀመሪያው ቀን ማታ ግደሉት። ቤንዚን ከወራት በኋላ እየተበላሸ ስለሚሄድ በሁለተኛ ዓመታቸው ባጃጅ እየነዱ የሚዞሩ ልጆች አታምጡብን። ገጠር ያሉ ብዙ ቤቶች ትንንሽ የሶላር መብራት አላቸው፣ ስለዚህ ከተማው ጨለማ ሆኖ ኮረብታው ላይ ያለው መንደር ማታ ማታ ብልጭ ሊል ይችላል፣ እና ከተማ ያሉት ልጆች ያን ብርሃን አይተው ቢነሱ ጥሩ ጉዞ ይወጣዋል።

አደጋውን በተመለከተ፣ ጅብ ውሻ ምናምን ይኑር፣ ልክ ነው፣ ባዶ ከተማ ውስጥ ጅብ በመንገዱ መሃል ነው የሚሄደው። ግን ልጆችን በእውነት የሚገድለው ተቅማጥ ነው። ውሃ ማፍላት ማገዶ ይፈጃል፣ ስለዚህ ያመልጣቸዋል። ከልጆቹ አንዱ ሳይንስ ክፍል የተማረውን ያስታውስ፦ ንጹህ የሚያሳይ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ እስከ ሁለት ሊትር የሚይዝ፣ ያልደፈረሰ ውሃ ሞልቶ ሙሉ ፀሐይ ላይ 6 ሰዓት፣ ደመና ከሆነ ሁለት ቀን። ቆርቆሮ ጣራ ላይ በሰልፍ የተደረደሩ የሃይላንድ ጠርሙሶች በጣም የሚያምር ምስል ነው፣ ደግሞ እውነት ነው። ህጻኗ ስትታመምባቸው ደግሞ አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ስኳሩን ከአንድ ሳምንት በፊት ትንንሾቹ ቅመው ጨርሰውት ከሆነስ? አያችሁ፣ የቆጠራው ወረቀት እዚህ ነው ዋጋ የሚያወጣው።

ከሰልን አደራ እንዳትረሱ። ነሐሴ ነው፣ ብርድ ነው፣ 10 ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ተቃቅፎ ይተኛል፣ አንዱ አዝኖላቸው ምድጃውን ወደ ውስጥ ያስገባል፣ በርና መስኮት ዝግ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ መጀመሪያ ራስ ምታት ነው፣ ከዛ ድካም፣ ከዛ አለመነሳት። ትልቅ ሰው ቢኖር «ከሰሉን አውጡ!» ብሎ ይጮህ ነበር። ትልቅ ሰው አለመኖሩ ማለት ይሄ ነው፣ ያቺ አንድ ጩኸት አለመኖሯ። ይሄን ስትጽፉ አንባቢያችሁም እግረ መንገዱን ያውቀዋል፣ ትምህርት እየሰጣችሁት እንደሆነ ሳይሰማው።

እስኪ አሁን ልጆቹ እርስ በርስ ምን ይሆናሉ ወደሚለው እንምጣ። ብዙ ሰው ልጆች ብቻቸውን ከቀሩ አውሬ ይሆናሉ ብሎ ያምናል። ይሄ እምነት በብዛት የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1954 ከወጣው የእንግሊዛዊው ዊልያም ጎልዲንግ «ሎርድ ኦፍ ዘ ፍላይስ» ልቦለድ ነው፣ ደሴት ላይ ብቻቸውን የቀሩ ልጆች እርስ በርስ የሚገዳደሉበት። ጎልዲንግ መምህር ነበር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ ባህር ኃይል ተዋግቷል፣ ያየው ነገር መጽሐፉ ውስጥ አለ። ትልቅ ስራ ነው፣ ግን ልቦለድ ነው። በእውነት የሆነውን ብታዩ ሌላ ነገር ታገኛላችሁ።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 1965 ከቶንጋ፣ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ካለች የደሴቶች አገር፣ 6 የአዳሪ ትምህርት ቤት ልጆች ትምህርት ቤቱ ሰልችቷቸው የሰው ጀልባ ይዘው ወጡ። ማዕበል ሸራቸውን ቀደደው፣ 8 ቀን ባህር ላይ ተንሳፍፈው አታ የምትባል ሰው አልባ ደሴት ላይ ወደቁ። ከአንድ ዓመት በላይ ብቻቸውን ኖሩ። ፒተር ዋርነር የሚባል አውስትራሊያዊ የጀልባ ካፒቴን መስከረም 1966 ላይ ሲያገኛቸው ስድስቱም በሕይወት ነበሩ። ሁለት ሁለት ሆነው ተራ ይዘው ነበር የሚሰሩት፣ ለአትክልቱ ለምግቡ ለጥበቃው። እሳቱ እንዲጠፋ አልፈቀዱም። አንዱ ወድቆ እግሩ ሲሰበር በእንጨትና በቅጠል አሰሩለት፣ እስኪድን ስራውን ተካፈሉለት። ከኮኮናት ቅርፊትና ከጀልባዋ ሽቦ ጊታር ሰሩ። ሲጣሉስ? ተጣልተዋል እንጂ! የተጣሉት ወደ ደሴቷ የተለያየ ጫፍ ይሄዳሉ፣ ሲበርድላቸው መጥተው ይቅርታ ይባባላሉ። ለጸሐፊ ከዚህ በላይ ምን አለ፣ ህግ ሲፈጠር እያያችሁ እኮ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ኮሎምቢያ ውስጥ ትንሽ አውሮፕላን አማዞን ጫካ ውስጥ ወደቀች፣ ተሳፍረው የነበሩት ትልልቅ ሰዎች እናታቸውን ጨምሮ ሞቱ፣ አራት እህትማማችና ወንድማማች ልጆች ለ40 ቀን ጫካ ውስጥ ቆዩ። ትልቋ 13 ዓመቷ ነው፣ ሲወድቁ አንድ ዓመት እንኳ ያልሞላው ህጻን አብሯቸው ነበር። አውሮፕላኑ ውስጥ የነበረ የካሳቫ ዱቄት በሉ፣ ከዛ የጫካ ፍሬ። ትልቋ የትኛው እንደሚበላ የምታውቀው ከአያቷ ስለተማረች ነው። ይሄን ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ፣ እነዚህ ልጆች ትልቅ ሰው የሌላቸው አይደሉም ለካ፣ አያትየው እጃቸው ላይ አለች። ለያንዳንዱ ካራክተራችሁ ይሄን ጠይቁ፦ ከጠፉት ሰዎች እጁ ላይ ምን ቀረ? አንዱ ከአባቱ ጎማ መቀየር፣ አንዷ ከአክስቷ ፀጉር መስራት፣ አንዱ ከየኔታ ዳዊት መድገም። የማይረባ የሚመስለው ዕውቀት በኋላ ሲጠቅም አንባቢ ደስ ይለዋል።

ቅርባችን ደግሞ ሌላ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የደቡብ ሱዳን ወንዶች ልጆች ከጦርነት ሸሽተው በእግራቸው ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፣ ጋምቤላ ፉኝዶ ካምፕ ሰፈሩ፣ በቡድን በቡድን ሆነው የጭቃ ጎጆ ሰሩ፣ ራሳቸው እያበሰሉ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደርግ ሲወድቅ እንደገና ተሰደዱ፣ የጊሎ ወንዝን ሲሻገሩ ብዙዎቹ አለቁ፣ የተረፉት ኬንያ ካኩማ ደረሱ። ይሄ የኛ ምድር ላይ የሆነ ታሪክ ነው፣ ስንቱ ወጣት ጸሐፊ ያውቀዋል? የተረፉት ካደጉ በኋላ የተናገሩትን ፈልጋችሁ አንብቡ፣ ልጆች በቡድን ሲሄዱ ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደሚሆን፣ የደከመውን ማን እንደሚጎትት ከዛ የተሻለ የሚያስተምራችሁ የለም።

እና ልጆቹ መላእክት ይሁኑ እያልኩ አይደለም። ይስረቁ፣ ይዋሹ፣ ይማቱ። ግን ጠቡ ከቆጠራው ይምጣ፣ ከውሃው ከዱቄቱ ከድካሙ። ክፋቱ ከሰማይ የወረደበት ልጅ አትፍጠሩ።

ካራክተር ላይ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ልናገር። ገጠሬውን ልጅ አምጡት። የግል ትምህርት ቤት የተማረች የ15 ዓመት የቦሌ ልጅና የ9 ዓመት እረኛ አንድ ላይ ሲሆኑ ማነው ትልቁ? የከተማ ዳር የወተት ላሞች አሉ እንበል። ጥገት ላም ሳትታለብ ከዋለች ካደረች ጡቷ ይወጠራል፣ ያማታል፣ ትጮሃለች። ከተሜዎቹ ጩኸቱን ሰምተው ፈርተው በር ይዘጋሉ። እረኛው ልጅ ግን ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ባልዲ ይዞ ይወጣል፣ በኦሮምኛ እያባበላት ቁጭ ብሎ ያልባል፣ እና ህጻኗ በዛች ማታ ወተት ጠጥታ ትተኛለች። ከዛ በኋላ ግቢው ውስጥ የትልቅነት ተራው ይገለበጣል፣ አንድም ቃል መናገር ሳያስፈልጋችሁ። ትንሿን ልጅ ማን ያበላታል ያልኩት ለዚህ ነው፣ ስልጣን በጡጫ ሳይሆን በጀርባዋ ህጻን በምታዝለዋና ወተት በሚያመጣው በኩል ሲያልፍ ማየት በጣም ደስ ይላል።

ሐዘኑን ደግሞ በካላንደር ጻፉት። ልጆች ቁጭ ብለው ስለ ሐዘናቸው ረጅም ንግግር አያደርጉም፣ ቀን ሲመጣ ነው የሚመታቸው። አንዱ ልጅ ግድግዳ ላይ ቀን ይቁጠር። ነሐሴ 13 ቡሄ ይደርሳል። ትንንሾቹ ዱላ ይዘው «ሆያ ሆዬ» እያሉ ይወጣሉ፣ ልማድ ነዋ። በር ላይ ይቆማሉ፣ ዱላቸውን ይመታሉ፣ ማንም አይወጣም። ሁለተኛው በር፣ ሶስተኛው በር። ከዛ ከትልልቆቹ ልጆች አንዷ በጓሮ ዞራ ሮጣ አራተኛው ቤት ውስጥ ትገባና እነሱ ሲደርሱ በሩን ከውስጥ ትከፍትላቸዋለች፣ እጇ ላይ ያለው እፍኝ ቆሎ ነው። የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ካለ ደግሞ ረመዳን መግባቱን ጨረቃ አይቶ የሚነግረው ሰው የለም፣ ጣራ ላይ ወጥቶ ራሱ ይፈልጋል። እንደዚህ ያለ ሲን ሁለት ሶስት ይበቃል፣ ከዛ በላይ ከሆነ አንባቢን ማስለቀሻ ይሆናል።

አንድ በጣም የማስብበት ነገር አለ። ይሄን መጽሐፍ ከሚያነቡት መካከል ትልቅ ሰው የሌለበትን ቤት በምናብ ሳይሆን በእውነት የሚያውቁ ልጆች አሉ። ወላጅ በበሽታ የሞተበት፣ በጦርነት ያጣ፣ እናቱ ቤሩት ወይ ሪያድ ሰርታ ብር እየላከች ታላቅ እህቱ ያሳደገችው። ለነሱ ይሄ ጀብዱ አይደለም። ስለዚህ «ዋው፣ ትልቅ ሰው የለም፣ ነፃ ወጣን» የሚለው ደስታ መጽሐፉ ውስጥ ይኑር፣ ልጆች በእርግጥ ይሰማቸዋል፣ ግን እዛው ግቢ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምን ማድረግ እንዳለባት የምታውቅ አንዲት ዝምተኛ ልጅ አስቀምጡ፣ ሌሎቹ ሲጨፍሩ ጀሪካን የምትሞላ። ለምን እንደምታውቅ ቶሎ አትንገሩን። ያ አንባቢያችሁ ግን ገና በሁለተኛው ገጽ ያውቃታል።

ቋንቋው ላይ፣ ልጆች እንደ ዜና አንባቢ አያውሩ። «ከተማዋ በጽልመት ተውጣለች፣ ተስፋ ደብዝዟል» ምናምን አትበሉ፣ ልጅ የሚያየውን አሳዩ። ለምሳሌ እንዲህ፦

ቤዛ ሮቶውን በዱላ መታ መታ አደረገችው። ላይ ላዩ ባዶ ነው የሚጮኸው። ዝቅ አድርጋ መታች፣ አሁንም ባዶ። ተንበርክካ ከታች አንድ ስንዝር ላይ ስትመታው ድምፁ ታፈነ።

«ስንት ቀን ነው?» አለ አቢ።

«ማንም ካልታጠበ አምስት።»

«ሚጡስ? ዳይፐሩ አልቋል እኮ፣ ጨርቁን በምን እናጥበዋለን?»

ቤዛ አልመለሰችለትም። ዱላውን አጥሩ ላይ አስደግፋ ጀሪካኑን አነሳች።

እዚህ ውስጥ ፈሩ የሚል ቃል የለም፣ አንባቢ ግን ቁጥሩን ይሰማል። የአራዳ ቃል ትንሽ ትንሽ ጣል አድርጉ፣ ግን ዛሬ ቲክቶክ ላይ ያለ ቃል መጽሐፉ ሳይታተም ያረጃል፣ ስለዚህ አትብዙበት። ትንንሾቹ ትልልቆቹን ልጆች እንዴት እንደሚጠሩም አስቡበት፣ በሁለተኛው ወር አካባቢ አንዱ ትንሽ ልጅ ተሳስቶ የ13 ዓመቷን ልጅ «እማ» ቢላት ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ ከዛ ምን ትላለች? እሱን እናንተ ታውቃላችሁ።

መጨረሻው ላይ ትልልቆቹ ይመለሱ ወይስ አይመለሱ የሚል ጥያቄ ሁሌ ይነሳል። ሁለቱም ይሰራል፣ ግን የሚመለሱ ከሆነ መጽሐፉን እዛው እንዳትዘጉት። ለስምንት ወር ውሃ ስታካፍል የኖረች ልጅ አባቷ መጥቶ «አንቺ ልጅ፣ ወደ ውስጥ ግቢ» ሲላት ምን ይሰማታል? ቁልፉን ትሰጠዋለች? ይሄ አንድ ቻፕተር ይገባዋል፣ ምናልባት ከመጽሐፉ ሁሉ ከባዱ ቻፕተር። የማይመለሱ ከሆነ ደግሞ ልጆቹ መዝራት ይጀምሩ፣ ምክንያቱም የመጋዘን እህል ያልቃል፣ ለዘር የሚቀመጠውን እየራባቸው ላለመብላት መወሰን አለባቸው፣ እና ያ ውሳኔ በቂ መጨረሻ ነው። ከዛ በኋላ «ስለዚህ አንድነት ኃይል ነው» የሚል አንቀጽ ካያችሁ ሰርዙት።

ሲያልቅ ለትልቅ ሰው አታስነብቡት መጀመሪያ። ለ13 ወይ ለ14 ዓመት ልጅ ስጡ፣ በቴሌግራም ቻፕተር ቻፕተር እያደረጋችሁ መላክም ትችላላችሁ፣ ስልካቸው ላይ ስለሆነ የሚያነቡት አጫጭር ቻፕተር ይሻላል። አሪፍ ነው ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፣ አዎ ነው የሚሏችሁ። የት ጋ ስልኩን አስቀመጥከው ብላችሁ ጠይቁ። ማን እንዳይሞትብሽ ፈራሽ ብላችሁ ጠይቁ። የህጻኗን ስም ካልጠሩላችሁ ህጻኗ ለብዙ ገጽ አልበላችም፣ አላለቀሰችም፣ ማንም አላዘላትም ማለት ነው። ወደ ቆጠራው ወረቀት ተመለሱና ለያንዳንዱ ቻፕተር ጎን ላይ በዛን ቀን እሷ ምን እንደበላችና ማን እንዳበላት ጻፉ፣ ባዶ የሆነው መስመር ላይ አዲስ ሲን አስገቡ።